ዓይን ያየውና ልብ የጨመረው

አንባቢ ሆይ፤ ውሸት ሲነገር የተናገረው ሰው ይፈለጋል። ተናጋሪው ከተገኘ ይጠየቃል፤ ከተረታም ይቀጣል፤ ነገሩም በዚያ ያበቃል። ነገር ግን ማንም ሰው ልዋሽ ብሎ ሳይነሣ፥ ሁሉም «እኔ ያየሁትን ብቻ ተናገርሁ» እያለ፥ ታላቅ ሐሰት ተወልዶና አድጎ ዓለምን ቢዞር ጥፋተኛው ማን ነው? ያየው ነውን? የሰማው ነውን? ወይስ የታየው ነገር ራሱ? ይህን ጥያቄ ያለ ምሳሌ በአሳብ ብቻ ብንመረምረው ነገሩ እንደ ጭስ ይበተንብናል። ስለዚህ አንድ በዓለም የታወቀ ታሪክ በፊታችን አቁመን እንመርምረው። ታሪኩ የአንድ ፎቶግራፍ ታሪክ ነው።

ምናልባት ከአንባቢዎች አንዱ «የዘፋኞች ፎቶግራፍ ለቁም ነገር ምርመራ ምን ይረባል?» ይል ይሆናል። ተቃውሞው ተገቢ ነው። ነገር ግን ሐኪም የበሽታን ጠባይ የሚማረው ከባለጸጋ ገላ ብቻ አይደለም፤ ከድኻውም ከሕፃኑም ገላ ይማራል። የሰው ልብ ሕመምም እንደዚሁ በከበደውም በቀለለውም ነገር ላይ ይገለጣል፤ በቀለለው ላይ ሲገለጥ ግን ሳንፈራና ሳንቈጣ ልንመለከተው እንችላለን። ዘፈኖቹን ለማመስገንም ለመንቀፍም አልተነሣሁም። ነገሬ በሸክላው ውስጥ ካለው ድምፅ ጋራ ሳይሆን በሸክላው ልባስ ላይ ካለው ሥዕል ጋራ ነው።

ቢትልስ የተባሉት አራት ዘፋኞች በእንግሊዝ አገር ሊቨርፑል በምትባል የወደብ ከተማ ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ ስማቸውም ጆን ሌነን፥ ፖል ማካርትኒ፥ ጆርጅ ሃሪሰንና ሪንጎ ስታር ነው። ጆንና ፖል መዠመሪያ የተዋወቁት ጁላይ 6 ቀን 1957 ዓ.ም. የዉልተን ቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ባደረገችው የአጥቢያ በዓል ላይ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ቀንና ዓመት፥ ለብቻው ካልተገለጠ በቀር፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ከዚያ ወዲህ ባሉት ጥቂት ዓመታት ስማቸው ከእንግሊዝ አልፎ አሜሪካንና ሌላውንም አገር ሁሉ ሞላው። በ1969 ዓ.ም. ግን በአንድ ማዕድ የበሉት ጓደኞች ስለ ገንዘብና ስለ አስተዳደር መጣላት ዠምረው ነበር። ቢሆንም በዚያ ዓመት በጋ አንድ ሸክላ አብረው ለማውጣት ተሰበሰቡ። የሠሩበትም ቤት በሎንዶን ከተማ አቢ ሮድ በሚባል መንገድ ላይ ያለ ነው፤ የመንገዱም ስም በአማርኛ ሲፈታ የገዳም መንገድ ማለት ነው። ቤቱ ከ1931 ዓ.ም. ዠምሮ ድምፅ ሲቀረጽበት የኖረ ነው፤ የተመረቀውም ኤድዋርድ ኤልጋር የተባለው ታላቁ የሙዚቃ ሊቅ ባለበት ነው።

ሸክላው ሲያልቅ ስም አስፈለገው። አስቀድሞ የታሰበው ስም ኤቨረስት ነበረ። ይህም የታላቁ ተራራ ስም ስለ ሆነ ሰው ሊመስለው የሚችለው ከፍ ያለ ምሥጢር እንዳለበት ነው፤ ነገር ግን ከድምፅ ቀራጮቹ አንዱ የሚያጨሰው ሲጋራ ስም ነበረ። ስሙ ኤቨረስት ከሆነ እስከ ሂማላያ ድረስ ሄዶ በተራራው ሥር ፎቶግራፍ መነሣት ይገባል የሚል አሳብ መጣ። ያን ያህል አገር አቋርጦ ለመሄድ ግን ልብ አልነበራቸውም። ስለዚህ ከቤቱ ደጅ ወጥተው በመንገዱ ላይ ፎቶግራፉን እንዲነሡ፥ ሸክላውም በመንገዱ ስም እንዲጠራ ተስማሙ። አንባቢ ይህን ነገር በልቡ ይያዘው። ቦታው የተመረጠው ምሥጢር ስላለበት ሳይሆን ቅርብ ስለ ነበረ ነው።

ፎቶግራፉ የተነሣው ኦገስት 8 ቀን 1969 ዓ.ም.፥ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 2 ቀን 1961 ዓ.ም. ዓርብ ከረፋዱ በአምስት ሰዓት ተኩል ግድም ነው። ፖል አስቀድሞ አራት ሰዎች መንገድ ሲሻገሩ የሚያሳይ ንድፍ በወረቀት ላይ ሥሎ ነበር። አንሺው ኢየን ማክሚላን የተባለ የስኮትላንድ ሰው ነው። እርሱም መሰላል በመንገዱ መካከል አቁሞ ወጣበት፤ አንድ ፖሊስም አውቶሞቢሎቹን ለጥቂት ጊዜ አገደለት። አራቱ ሰዎች ነጭ መስመር በተሰመረበት የእግረኛ መሻገሪያ ላይ ተከታትለው ወዲያና ወዲህ ተመላለሱ፤ አንሺው ስድስት ጊዜ አነሣቸው። ሥራው ሁሉ ከዐሥር ደቂቃ ብዙም አላለፈም። ዕለቱ ሞቃት ነበርና ፖል በመዠመሪያዎቹ ሁለት ፎቶግራፎች ላይ ነጠላ ጫማ አድርጎ ሳለ በኋለኞቹ ላይ አውልቆት በባዶ እግሩ ይታያል።

ከስድስቱ አምስተኛው ተመረጠ። የተመረጠበትም ምክንያት የአራቱ እርምጃ እኩል ተዘርግቶ ለዓይን ስላማረ ነው። ጆን ነጭ ልብስ ለብሶ ይቀድማል፤ ሪንጎ ጥቁር ለብሶ ይከተላል፤ ከዚያ ፖል በባዶ እግሩ፥ በቀኝ እጁ ሲጋራ ይዞ፥ ሦስቱ በግራ እግር ሲራመዱ እርሱ በቀኝ እግር ይራመዳል፤ በመጨረሻም ጆርጅ የሠራተኛ ልብስ የሚመስል ሰማያዊ ልብስ ለብሶ ይመጣል። በግራ በኩል በእኛ አገር ቮልስ የምትባለው ትንሽ ነጭ አውቶሞቢል ቆማ ትታያለች። ይህችም በአጠገቡ ባሉት ቤቶች የሚኖር ሰው ንብረት እንጂ ለፎቶግራፉ ተብላ የመጣች አይደለችም። ልባሱን ያዘጋጀው ሠዓሊ በፊት ገጹ ላይ የሸክላውንም የዘፋኞቹንም ስም አላተመበትም። ሸክላው ሴፕቴምበር 26 ቀን በእንግሊዝ አገር፥ ኦክቶበር 1 ቀን በአሜሪካ ወጣ።

እንግዲህ ወደ ሐሰቱ ታሪክ እንግባ።

ፖል ማካርትኒ ሞቷል የሚል ወሬ ከዚህ ፎቶግራፍ በፊት ነበረ። በ1967 ዓ.ም. መዠመሪያ ላይ በአውቶሞቢል አደጋ ሞተ ተብሎ በሎንዶን ተወርቶ፥ የዘፋኞቹ ወዳጆች የሚያነቡት መጽሔት ሐሰት ነው ብሎ አስተባብሎ ነበር። በሴፕቴምበር 17 ቀን 1969 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ በአዮዋ ግዛት የሚገኝ የአንድ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ጋዜጣ ስለዚሁ ወሬ ጻፈ። ኦክቶበር 12 ቀን አንድ ሰው ለዲትሮይት ራዲዮ ስልክ ደውሎ ነገሩን በአየር ላይ አነሣው፤ ራዲዮ ተናጋሪውም ሸክላዎቹን ወደ ኋላ እያዞረ ያሰማ ዠመር። ከሁለት ቀን በኋላ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ጋዜጣ ላይ አንድ ተማሪ ስለ አዲሱ ሸክላ እንዲጽፍ ቢታዘዝ፥ እንደ ቁም ነገር አስመስሎ ሙሉ የሞት ታሪክ ጻፈ። እንደ ወሬው ቃል ፖል በ1966 ዓ.ም. ኖቬምበር በአውቶሞቢል አደጋ ሞቷል፤ በምትኩም መልኩን የሚመስል ሌላ ሰው ተተክቷል። ተማሪው ለምትኩ ሰው ስም ሳይቀር አወጣለት። ኋላም ብዙው ነገር የራሱ ፈጠራ መሆኑን ተናገረ።

አሁን የቀኖቹን ተራ ተመልከቱ። ፎቶግራፉ በአሜሪካ ገበያ ላይ ሳይወጣ ወሬው ተጽፎ ነበር። ፎቶግራፉ ወሬውን አልወለደም፤ ወሬው አስቀድሞ ተወልዶ ምስክር ሲፈልግ አገኘው። ዳኛ አስቀድሞ ፈርዶ ኋላ ምስክር ቢያስጠራ የምስክሩን ቃል እንዴት አድርጎ እንደሚሰማው የፍርድ ቤትን ሥራ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ምስክሩ ቢናገርም ቢዘጋም ለተፈረደው ፍርድ ማጽኛ ይሆናል።

እንዲሁም ሆነ። ነጭ የለበሰው ጆን ካህን ነው አሉ፤ ጥቁር የለበሰው ሪንጎ ሬሳ የሚያሰናዳ አልቃሽ ነው፤ ሰማያዊ የለበሰው ጆርጅ መቃብር ቈፋሪ ነው፤ በባዶ እግሩ የሚሄደው ፖልም ሬሳው ራሱ ነው። መንገድ መሻገራቸው የቀብር ጉዞ ሆነ። ፖል ግራኝ ሳለ ሲጋራውን በቀኝ እጁ መያዙ ሌላ ሰው ለመሆኑ ማስረጃ ተደረገ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የቮልሷ ታርጋ ነው። በታርጋዋ መጨረሻ ላይ 281 የሚል ቍጥርና አንድ ፊደል ነበረ። እነርሱም የመጨረሻዋን አንድ ቍጥር እንደ ፊደል ቈጥረው ከሚቀጥለው ፊደል ጋራ ቢያነቧት በእንግሊዝኛ «28 ቢሆን» የሚል ንባብ ወጣላቸው። ትርጓሜውም ፖል በሕይወት ቢኖር ኖሮ 28 ዓመት ይሆነው ነበር ማለት ነው አሉ። ነገር ግን ፖል የተወለደው ጁን 18 ቀን 1942 ዓ.ም. ነውና በዚያ ጊዜ 27 ዓመቱ ነበረ። ይህ ሲነገራቸው አንዳንዶቹ አላፈሩም፤ «ከፅንሱ ዠምረን ብንቈጥር ይሞላል» ብለው መለሱ።

ይህን መልስ በተረት ልናልፈው አይገባም፤ የበሽታው ሥር በዚህ ይታያልና። እውነትን የሚፈልግ ሰው ቍጥሩ አልገጥም ሲለው አሳቡን ይጥላል። አሳቡን የወደደ ሰው ግን ቍጥሩን ይለውጣል። ጫማ ቢያደርግ ኖሮ ጫማው ምልክት በሆነ ነበር፤ በግራ እጁ ሲጋራ ቢይዝ ኖሮ «ሟቹን እንዲመስል አጥብቆ ተማረ» በተባለ ነበር። ምንም ነገር ሊያፈርሰው የማይችል አሳብ ጽኑ ይመስላል፤ ነገር ግን ጽናቱ የዐለት ጽናት አይደለም፤ ዱላ ቢመታው የማይሰበር የጭስ ጽናት ነው።

በእኛ አገር በሰምና ወርቅ የሠለጠነ ሰው ይህን ነገር ከሌላው ፈጥኖ ሊያስተውለው ይገባል። ቅኔ የሚፈታ ሰው ከሰሙ በታች ወርቅ መኖሩን አምኖ ይፈልጋል፤ ይህን ማድረጉም ጥበብ ነው፤ ምክንያቱም ወርቁን አስቦ ያኖረ ባለቅኔ አለ። ፈቺው የሚፈልገው የባለቅኔውን አሳብ ነው እንጂ የራሱን ምኞት አይደለም። መምህሩም ቢሳሳት ያርመዋል። ወርቅ አኗሪ በሌለበት ግን የሚገኘው ወርቅ ሁሉ ፈላጊው በገዛ እጁ የጣለው ነው። ሙቀት ስለ ነበረ የወለቀ ጫማ፥ ባለቤቱ በደጁ ያቆማት አውቶሞቢል፥ ከስድስት ለዓይን ያማረ አንድ ፎቶግራፍ፤ በእነዚህ ውስጥ ተናጋሪ የለም። ተናጋሪ በሌለበት ቃል መስማት ደግሞ ከምሥጢር አዋቂነት አይቈጠርም።

አሁን በመዠመሪያ ወዳነሣሁት ጥያቄ ልመለስ። ጥፋተኛው ማን ነው? ተማሪውን ብንጠይቀው «ቀለድሁ» ይላል። የራዲዮውን ሰው ብንጠይቀው «እኔ ጠየቅሁ እንጂ ሞተ አላልሁም» ይላል። ጋዜጠኛው «ወሬ መኖሩን ጻፍሁ፤ ወሬ መኖሩም እውነት ነው» ይላል። ለጎረቤቱ ያወራው ሰው «ሲሉ ሰማሁ አልሁ፤ መስማቴም እውነት ነው» ይላል። እያንዳንዱ የያዘው ቃል ሲመረመር ከሞላ ጎደል ሐሰት አይደለም። የሁሉም ቃል ሲደመር ግን አንድ ሕያው ሰው ሞቷል የሚል ሐሰት ሆነ።

ይህ እንዴት እንደሚሆን በቃሬዛ ምሳሌ ይታያል። ሬሳን ስምንት ሰው ቢሸከመው ለእያንዳንዱ ይቀለዋል፤ ሬሳው ግን አልቀለለም፤ ወደ መቃብርም መድረሱ አልቀረም። ሸክም ሲከፈል የሚቀንሰው የትከሻ ሕመም ነው እንጂ የሥራው ፍጻሜ አይደለም። ፖል ማካርትኒን በሕይወቱ ሳለ ወደ መቃብር የተሸከሙት እንደዚህ ነው። ስለዚህ «እኔ የያዝሁት ጥቂት ነው» የሚለው መልስ ስለ ድካሙ እውነት ነው፤ ስለ ጥፋቱ ግን መልስ አይሆንም። ሰው የሚጠየቀው በእጁ ስላለው የቃሬዛ ጫፍ ብቻ ሳይሆን ቃሬዛው ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ስላለመፈለጉም ነው።

ሰዎች «እሳት ሳይኖር ጭስ አይጤስም» ይላሉ። በብዙ ነገር ይህ እውነት ነው። በዚህ ነገር ግን እሳቱ የነበረው በተመለከቱት ሰዎች ዘንድ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነውም በሐሰቱ ጭስ ምክንያት እውነተኛው እሳት ሳይታይ መቅረቱ ነው። ይኸውም እንዴት ነው?

ወሬው በገነነበት ጊዜ ፖል በስኮትላንድ በሚገኘው እርሻው ከሚስቱና ከልጆቹ ጋራ ተቀምጦ ነበር። ታናሺቱ ልጅ የተወለደችው በዚያው ዓመት በኦገስት ወር መጨረሻ ነው። ላይፍ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ሰዎች መኖሩን በዓይናቸው ለማረጋገጥ እስከ እርሻው ድረስ መጡ። እርሱ በመዠመሪያ ተቈጥቶ አባረራቸው፤ ውሃም ደፋባቸው። ኋላ ግን ነገሩን አስቦ ከቤተ ሰቡ ጋራ ፎቶግራፍ ሊነሣና ሊናገር ፈቀደ። መጽሔቱም ኖቬምበር 7 ቀን 1969 ዓ.ም. ሥዕሉን በፊት ገጹ ላይ አትሞ በሕይወት መኖሩን አስታወቀ። በባዶ እግሩ የተነሣውም ዕለቱ ሞቃት ስለ ነበረ መሆኑን ራሱ ተናገረ።

በዚያ ንግግር ውስጥ ግን ሌላ ቃል ነበረ። የቢትልስ ነገር እንዳበቃ ገልጦ ተናግሮ ነበር። በእውነትም አራቱ በአንድነት በቀረጻው ቤት የተገኙበት የመጨረሻው ቀን ኦገስት 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነው፤ በሴፕቴምበርም ጆን ማኅበሩን እንደሚተው ለባልንጀሮቹ ነግሯቸው በምሥጢር ተይዞ ነበር። ዓለም የማኅበሩን መፍረስ ያወቀው ግን በ1970 ዓ.ም. አፕሪል ነው። አምስት ወር ያህል ቀደም ብሎ በታወቀ መጽሔት ላይ በግልጥ ታትሞ ሳለ የልብ ሰው አላገኘም። ሁሉም የሚመረምረው ፖል መሞት አለመሞቱን ነበርና፥ ፖል ራሱ የተናገረውን ሞት የሚሰማ ጠፋ። የሌለውን ሞት በታርጋ ላይ አነበቡ፤ የነበረውን ሞት በቀለም ተጽፎ ሳለ አለፉት። የወዳጅነት መሞት በሥዕል ላይ አይታይም፤ ስለ እርሱ የሚናገር ሰው ሲናገር መስማትን ይጠይቃል።

በዚያም አልበቃም። መጽሔቱ ከወጣ በኋላ አንዳንዶች ገጹን ወደ ብርሃን ይዘው ቢመለከቱት፥ በስተጀርባው የታተመ የአውቶሞቢል ማስታወቂያ በፖል ሥዕል ላይ ተደርቦ ታየ። «እነሆ በአውቶሞቢል እንደ ሞተ መጽሔቱ ራሱ በስውር መሰከረ» አሉ። የመኖሩ ማስረጃ የመሞቱ ማስረጃ ሆነ። ሕያው ሰው ቆሞ ሲናገር የወረቀቱን ጀርባ የሚያነብ ዓይን ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ሊጠቅመው ይችላል?

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል። «ይህ ሁሉ የወጣቶች ጨዋታ ነበር፤ ማንንም አልጐዳም፤ ለምን አክብደህ ታየዋለህ?» የሚል ነው። ከተቃውሞው እውነተኛውን ክፍል እቀበላለሁ። ብዙዎቹ ሳያምኑበት ተጫውተውበታል፤ ፖልም ራሱ በ1993 ዓ.ም. ባወጣው ሸክላ ልባስ ላይ በዚያው መሻገሪያ ከውሻ ጋራ ተነሥቶ በወሬው ቀልዷል። የተሰደበ ሰው ሲስቅ ማየት ደስ ያሰኛል። ነገር ግን የተበደለው ሰው መሳቁ የበዳዩን ሥራ መልካም አያደርገውም። ቮልሷን ያቆማት ሰው ምንም ሳያጠፋ ታርጋውን እየደጋገሙ ሰርቀውበታል። ከሰው ርቆ ከአራስ ልጁ ጋራ ሊቀመጥ የፈለገ አባትም «አልሞትሁም» ብሎ ለመመስከር በደጁ ለመጡ እንግዶች መቆም ግድ ሆኖበታል። ሰው መኖሩን እንዲያስረዳ መገደዱ ቀላል በደል አይደለም።

ከዚህም በላይ ጨዋታው የሚያስተምረው ልማድ ክፉ ነው። ይኸውም ሰውን ትቶ ምልክቱን የመጠየቅ ልማድ ነው። ዛሬ በዘፋኝ ላይ የለመድነውን ነገ በጎረቤታችን ላይ እናደርገዋለን። በሰርግ ላይ ያልሳቀውን «ቀንቷል»፥ በለቅሶ ላይ ያላነባውን «ደስ ብሎታል»፥ በመንገድ ያላየንን «ንቆናል» እንላለን። ዘመዳችን ዓይኑ ደክሞ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሄደን ከመጠየቅ ይልቅ ተቀምጠን መተርጐም ይቀለናል። መጠየቅ ያዋርዳልና፤ መተርጐም ግን ዐዋቂ ያስመስላል።

እኔም ራሴ ይህን ስጽፍ ከፈተናው እንዳላመለጥሁ ልናዘዝ። በፎቶግራፉ ላይ አራቱ ሰዎች ከቀረጻው ቤት እየራቁ ሲሄዱ ይታያሉ። ማኅበራቸውም ወዲያው መፍረሱን ሳስብ፥ «እነሆ ሥዕሉ መለያየታቸውን አስቀድሞ ተናገረ» ብዬ ልጽፍ ብዕሬን አንሥቼ ነበር። ኋላ ግን ወዲያና ወዲህ እንደ ተመላለሱ ትዝ አለኝ። በሌሎቹ ፎቶግራፎች ወደ ቤቱ ሲመለሱ የተነሡም አሉ። ያማረ አረፍተ ነገር ለመጻፍ ስል እኔም የሌለ ወርቅ ልጥል ነበር። ደግሞም ካህኑ ነው የተባለው ጆን ዲሴምበር 8 ቀን 1980 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በጥይት ተገደለ፤ መቃብር ቈፋሪው ነው የተባለውም ጆርጅ ኖቬምበር 29 ቀን 2001 ዓ.ም. በሕመም ዐረፈ፤ ሬሳ ነው የተባለው ፖል ግን ሁለቱንም ቀብሮ ቀረ። ይህን ስንሰማ ልባችን «ምልክት ነው» ለማለት ይቸኩላል። አይደለም። የሰው ዕድሜ በሰው እጅ አለመሆኑን ብቻ ያሳስበናል፤ ይህም ያለ ምንም ፎቶግራፍ የታወቀ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ምልክትን ሁሉ አንመልከት፥ ምሥጢርንም ሁሉ አንመርምር ማለቴ አይደለም። እንደዚህ ያለ ሰው ሐኪምም ዳኛም ሊሆን አይችልም። ነገር ግን ተርጓሚ ከመተርጐሙ በፊት ራሱን ሦስት ነገር ይጠይቅ እላለሁ። መዠመሪያ፥ ይህን ምልክት አስቦ ያኖረው ማን ነው? አኗሪ ከሌለ ትርጓሜ የለም። ሁለተኛ፥ ነገሩ እኔ ከገመትሁት ሌላ ሁኖ ቢገኝ አሳቤን ልጥል ፈቃደኛ ነኝን? ካልሆንሁ የምመረምረው እውነትን ሳይሆን ምኞቴን ነው። ሦስተኛ፥ ሊጠየቅ የሚችል ሕያው ሰው አለን? ካለ፥ ሥዕሉን ትቼ እርሱን ልጠይቅ፤ ሲመልስልኝም የመለሰውን ሁሉ፥ እኔ ያልጠየቅሁትን ጭምር፥ ልስማ።

ይህ ምክር በዛሬው ዘመን ከዚያን ጊዜ ይልቅ ያስፈልጋል። በ1969 ዓ.ም. የተነሣው ፎቶግራፍ እውነተኛ ነበረ፤ ሰዎቹም መንገዱም በእርግጥ የነበሩ ናቸው። ሐሰቱ ከእውነተኛ ሥዕል ወጣ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ የግድግዳ ሥዕል አታሚዎች ከፖል እጅ ላይ ሲጋራውን አጥፍተው አተሙት፤ አስቀድሞ ታላቅ ማስረጃ የተባለው ሲጋራ በብሩሽ ጠፋ። ዛሬ ደግሞ ያልነበረን ሰው ባልነበረ መንገድ ላይ አድርጎ የሚሥል መኪና ወጥቷል፤ ሥዕሉም በእጅ ስልክ በአንድ ሰዓት ውስጥ አገር ያዳርሳል። ከእውነተኛው ሥዕል ያን ያህል ሐሰት ያወጣ ልብ ሐሰተኛውን ሥዕል ሲያገኝ ምን ያደርግ ይሆን? ስለዚህ ሥዕልን የሚመረምር ጥበብ ብቻ አይበቃንም፤ የራሳችንን ልብ የሚመረምር ጥበብ ያስፈልገናል።

ያ መሻገሪያ በዲሴምበር 2010 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት ከሚጠብቃቸው ቅርሶች ጋራ በመዝገብ ተጽፏል። ከየአገሩ የሚመጡ ሰዎችም አራት አራት እየሆኑ እንደ ዘፋኞቹ እየተራመዱ ይነሡበታል፤ አንዳንዱም ጫማውን ያወልቃል። የአውቶሞቢል ነጂዎች ቆመው ይጠብቋቸዋል። እኔ ይህን አልነቅፍም፤ የወደዱትን ነገር ፈለግ መከተል የሰው ጠባይ ነው። ነገር ግን በዚያ የሚቆም ሰው ሁሉ ከሌላው ነገር ሁሉ በፊት ይህን ቢያስብ መልካም ነው። በዚህ መንገድ ላይ በአንድ ሞቃት ቀን አራት ጓደኞች ለመጨረሻ ጊዜ ያህል በአንድነት ተራመዱ፤ ከመካከላቸው አንዱ እግሩ ስለ ሞቀው ጫማውን አወለቀ። ዓይን ያየው ይህን ብቻ ነው። የቀረውን የጨመረው ልብ ነው።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ተብሏል። እውነት ነው፤ ይጠራል። ነገር ግን ንጋቱ እስኪመጣ ድረስ በጨለማ ውስጥ የጎረቤታችንን ስም በእጃችን ይዘን የምንቈይ እኛ ነን። እንዳይወድቅብን በጥንቃቄ እንያዘው።